በእንቁጣጣሽ ያነበብኩት ደብዳቤ

(በማኅበራችን የጎልማሶች ትምህርት ምረቃ ቀን፣ አዳማ፣ ከአባላት አንዷ ያደረገችው ንግግር)

 

ዛሬ ስለ አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ እናገራለሁ። ተናገሪ ያሉኝ እናቱ ናቸው። ከፊት ወንበር፣ ነጠላቸውን አጣፍተው የተቀመጡት። ከመጀመሪያው ዙር ተመራቂዎቻችን አንዷ መሆናቸውን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። የልጃቸውም የእሳቸውም ስም በመጽሔታችን ላይ እንዳይወጣ ነግረውኛል። «የማያውቀው ሰው ስሙን ቢያነበው ምን ያደርግለታል?» ነው ያሉኝ። ስለዚህ እሱን «ጓደኛዬ» እያልኩ፣ እሳቸውን ደግሞ እንደ ወትሮዬ «እማማ» እያልኩ እቀጥላለሁ። የምናገረው ውስጥ የእኔ ጥፋት አለበት። እሳቸው ያውቁታል። ከእናንተ ግን ብዙዎቻችሁ አታውቁትም።

በ1990 ዓ.ም. አፄ ገላውዴዎስ ትምህርት ቤት 12ኛ ክፍል ነበርን። ያኔ ከተማችንን ናዝሬት ነበር የምንላት። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሆነን እንቀመጥ ነበር። እሱ መሐል፣ እኔ በግራ፣ በቀኝ ደግሞ አባቷ ጋራዥ ያለው አንዲት ልጅ። እሱን መሐል ያስቀመጡት እኔና እሷ ስለምንጣላ ነው። እናቱ ወንጂ መሳፈሪያው አጠገብ ቆሎ ይሸጡ ስለነበር ኪሱ ከቆሎ ተለይቶ አያውቅም። ኬሚስትሪ ሲሰለቸን በዴስኩ ሥር ያቀብለናል። ቆሎ ደግሞ ድምፅ አለው፤ ስንት ጊዜ ተይዘን ተንበርክከናል!

ሰው ሲሞት መልአክ ይደረጋል፤ እኔ አላደርገውም። ሒሳብ ከጋራዡ ልጅ ይገለብጥ ነበር። ኳስ ሲያወራ ይዋሻል። ሦስት ብር ተበድሮኝ ሳይመልስ ነው የሄደው። አንድ ነገር ግን ከሁላችን ይበልጥ ነበር፤ ጂኦግራፊ። የአፍሪካን ካርታ ሳያይ በጠመኔ ይሥላል። ከአዋሽ ወንዝ መነሻ እስከሚጠፋበት አፋር ሐይቆች ድረስ፣ ቆቃንም፣ መተሐራንም እያስቆጠረ በጣቱ ሄዶ ያሳየናል። አንድ ቀን አገሩን ሁሉ በእግሬ አየዋለሁ ይል ነበር።

ጦርነቱ በሚያዝያ መጨረሻ 1990 ባድመ ላይ ሲጀመር ማትሪክ ለመቀመጥ የቀረን ጥቂት ጊዜ ነበር። ባድመ የሚባል ስም ሰምተን አናውቅም። ጓደኛዬ ወንበር ላይ ቆሞ በክፍላችን ካርታ ላይ ፈለገው፤ አጣው። መምህራችንም መጥተው ፈለጉት፤ እሳቸውም አጡት። ተሳሳቅን። ግንቦት 28 ቀን መቀሌ የሚገኘው የአይደር ትምህርት ቤት በአውሮፕላን ተደበደበ፤ ከ50 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ። በዚያው ቀን የእኛም አውሮፕላኖች የአስመራን አየር ማረፊያ ደብድበው ነበር። በማግሥቱ ክፍል ስንገባ ማንም ቆሎ አልጠየቀም።

ከሰኔ ወዲያ ደግሞ የዴስካችን ቀኝ በኩል ባዶ ሆነ። አባቷ ኤርትራዊ ነህ ተብሎ ተወሰደ፤ ቆይቶ እሷና እናቷ በአውቶቡስ ተጫኑ። በዚያ ጦርነት ጊዜ ከአገራችን እንደዚህ የተባረሩት ወደ 75,000 እንደሚጠጉ ይገመታል። ከዚያም ወገን ኢትዮጵያውያን ቤታቸውን ጥለው መጥተዋል። እኔና ጓደኛዬ ቤቷ ስንደርስ በሩ ታሽጎ ነበር። እሱ እሽጉን ቆሞ አየውና «ሒሳቡን አሁን ማን ያሳየኛል?» አለ። ቀልድ ነበር፤ አልሳቅንም።

ነሐሴ ላይ ተመዝግቦ ሄደ። ለምን ሄደ ብትሉኝ አንድ መልስ የለኝም። አይደርን ያነሳ ነበር። ደመወዙንም ያነሳ ነበር፤ እማማ ብቻቸውን ነበር የሚያሳድጉት፣ ታናሽም ነበረው። የሰፈሩ ልጆችም ሄደዋል። ካርታ ላይ ያጣውን አገር ማየትም ሳይፈልግ አልቀረም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እኔ አትሂድ አላልኩትም። ኩራት ተሰምቶኝ ነበር።

እማማ ያኔ ማንበብ አይችሉም። ደብዳቤው የሚመጣው በአባቴ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ስለነበር ተቀብዬ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። አምስት ደብዳቤ ጻፈ። የመጀመሪያው ሥልጠና ላይ ሳለ ከሁርሶ ነው፤ ሙቀቱ ከመተሐራ ይብሳል የሚል። የቀሩት ከግንባር ናቸው፤ የቦታ ስም የለባቸውም። እማማ ሰላምታውን ሦስት ጊዜ ያስነብቡኛል፤ መሐሉን አንድ ጊዜ፤ መጨረሻውን ደግሞ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፈው በፌስታል ይጠቀልሉና ከጡታቸው ሥር ይከቱታል። ብር እንኳ እንደዚያ ሲይዙ አላየሁም።

አምስተኛው ደብዳቤ በየካቲት 1991 ተጻፈ። በዚያ ወር ባድመ ተመለሰች ተብሎ አገሩ በደስታ ሰከረ። በመጋቢት መጀመሪያ ደግሞ ጾሮና ላይ ያ ከባድ ውጊያ ሆነ። ስለ ጾሮና ግን የዘፈነ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ ቀረ።

በሰኔ አንድ የሰፈራችን ልጅ በክራንች እየተደገፈ የምሠራበት ሱቅ መጣ። ትምህርት ጨርሼ ሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ውስጥ ተቀጥሬ ነበር። በሩን ዘግተን ነገረኝ። ጓደኛዬ ጾሮና ሜዳ ላይ ከጎኑ ወደቀ። አስከሬኑን ማንሳት አልተቻለም። «ለእናቱ እኔ አልችልም፤ አንቺ ንገሪያቸው» ብሎኝ ሄደ። እኔም አልቻልኩም። ዛሬ ነገ ስል ክረምቱ አለፈ።

የ1992 እንቁጣጣሽ ዋዜማ እማማ ሱቅ መጡ። ቆሏቸውን ሸጠው ጨርሰዋል። «ኢንተላ ኮ፣ ለዓመት በዓል ሳይጽፍ አይቀርም። ፖስታ ቤት አልሄድሽም?» አሉኝ። ፊታቸውን ሳይ አፌ «መጥቷል» አለ። እኔ አላልኩም፤ አፌ ነው ያለው። ጠረጴዛው ላይ የዕቃ ቆጠራ የጻፍኩበት ወረቀት ነበር። አነሳሁና አነበብኩላቸው። ለጤናው ደኅና ነው አልኩ። ዝናቡ ጥሩ ነው አልኩ። ታናሽ ወንድሙ ትምህርቱን እንዳያቋርጥ አደራ ይላል አልኩ። በመጨረሻም በቅርቡ ፈቃድ ይሰጠናል ይላል አልኩ፤ ይህችን ለምን እንደጨመርኩ እስካሁን አላውቅም። ሰላምታውን ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። ሦስቱንም ጊዜ አንድ ዓይነት ለማድረግ እየተጨነቅኩ አነበብኩ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱት። ምን ብዬ እከለክላለሁ? በፌስታል ጠቀለሉት።

ጦርነቱ በ1992 ቆመ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 አልጀርስ ላይ ስምምነት ተፈረመ። በዚያው ዓመት በጥር የሰፈሩ ሽማግሌዎች ጎሕ ሲቀድ መርዶ ይዘው ሄዱ። እኔም ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ቆሜ ነበር። ሽማግሌው ተናገሩ። እማማ ግን አልጮሁም። «መቼ ነው?» አሉ። «በመጋቢት 1991» አሏቸው። እማማ ፈገግ አሉ። «እንግዲያው የእኔ ልጅ አይደለም። የእኔ ልጅ በእንቁጣጣሽ ጽፎልኛል» አሉና ፌስታሉን አወጡ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከመሐላቸው ማንበብ የሚችል ነበር፤ ነገር ግን የእናት ደብዳቤ ነጥቆ የሚያነብ ማን አለ? እኔ ቆሜ አያለሁ። ያኔ አንዲት ቃል ብናገር ያልቅ ነበር። አልተናገርኩም።

ሰው «ሐዘኑ አእምሮዋን ነካው» አለ። አልነካቸውም። በእጃቸው ማስረጃ ነበራቸው፤ ማስረጃውን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ለቅሶ አልተቀመጡም። ጥቁር አልለበሱም። ሚያዝያ 5 ቀን 1994 የድንበር ኮሚሽኑ ባድመ ለኤርትራ ይሁን ብሎ ሲወስን ሬዲዮው ስለ ካርታና ስለ መሥመር ያወራ ነበር፤ እማማ ግን «ታዲያ አሁን ወታደሩን ይመልሱታል?» ብለው ነው የጠየቁኝ። በየዓመት በዓሉ የእሱን ድርሻ ዳቦ ያስቀምጣሉ። በማግሥቱ ለእኔ ያመጡልኛል። በልቼዋለሁ፤ ዳቦው አይወርድልኝም ነበር፤ ግን በልቼዋለሁ።

በዚህ አዳራሽ በ1970 ካራማራ ላይ ወንድሟን ያጣች እናት አለች። አንድ ቀን ቡና ላይ የተናገረችው ከጆሮዬ አይጠፋም፤ «ቀብር የሌለው ሞት ጅራቱ ረጅም ነው» አለች። ኮሪያ ከዘመቱት የቃኘው ሻለቆች ከ120 በላይ ወታደሮች ቢወድቁም ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ አስከሬናቸው ለአገሩ በቅቷል። ከአዳማ ጾሮና ከኮሪያ ጋር ሲነጻጸር ጎረቤት ነው። የዚያን ጦርነት ሟቾች ኤርትራ 19,000 ብላ አስታወቀች። ሌሎች የሁለቱን ወገን ሲገምቱ ከ70,000 በላይ ይላሉ። እናቶቹ እንግዲህ ስንት ናቸው?

ማኅበራችን በ1998 ቁጠባ ሲጀምር እማማ ከመጀመሪያዎቹ አባላት አንዷ ነበሩ። ከቆሎ ወደ እንጀራ መጋገር የተሸጋገሩት በዚያ ብድር ነው። በ2001 የጎልማሶች ትምህርት ሲከፈት ተመዘገቡ። ትምህርቱ በቁቤም በፊደልም ነበር። አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ስለሆነ ቁቤ ይመርጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን «የለም፣ እኔ የምፈልገው ፊደሉን ነው» አሉ። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ቢገባኝ ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር እግዚአብሔር ይወቅ። ምሽት ምሽት የልጅ ልጅ የሚሆኗቸው አስተማሪዎች ጣታቸውን ይዘው «ሀ» ያስጽፏቸው ነበር። ለደጋፊዎቻችን በምንልከው ሪፖርት ላይ «ማንበብ የቻሉ እናቶች» የሚል መሥመር አለ፤ በዚያ ዓመት ከተጻፈው ቁጥር ውስጥ አንዷ እሳቸው ናቸው።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ ቤቴ መጡ። ቡና አፍልቼ ነበር። አልተቀመጡም። ፌስታሉን ፈትተው አንዷን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ጣታቸውን በመጀመሪያው መሥመር ላይ አድርገው ቀስ እያሉ አነበቡ፤ «ሳ-ሙ-ና። ክብ-ሪት። ሻ-ማ። ስኳ-ር።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ክብሪት ያኔ ስንት ነበር?»

እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የክራንቹን ልጅ፣ ሱቁን፣ ጾሮናን። እስክጨርስ ዝም ብለው ሰሙኝ። አልረገሙኝም። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። ያሉት ይህን ብቻ ነው፤ «አሥር ዓመት ሙሉ ለሞተ ልጄ አላለቀስኩለትም። ሌላው እናት አልቅሶለት ይሆን?» ብለው ወረቀቱን ትተውልኝ ሄዱ።

በማግሥቱ ለቅሶ ተቀመጡ። የነበሩበት እድር መርዶው የተነገረው ከብዙ ዓመት በፊት ነው፣ ቀብርም የለም ብሎ ድንኳን አልሰጠም። የማኅበራችን ሴቶች ሸራ ተበድረን ወጠርን። ንፍሮ የቀቀለች አለች፣ ወንበር የተሸከመች አለች። የጉርድ ፎቶግራፉን፣ ያቺን የማትሪክ ፎቶ፣ መሐል አስቀመጥናት። እኔ ሦስቱንም ቀን በር ላይ ቆሜ ሰው ተቀበልኩ። ከዚያ ወዲህ ነው ደንባችን ውስጥ «አስከሬን ባይኖርም፣ ጊዜው ቢቆይም የለቅሶ ድጋፍ ይሰጣል» የሚለው የገባው። አዲስ አባላት ይህ አንቀጽ ከየት መጣ እያላችሁ ትጠይቃላችሁ። ከዚያ ሸራ ነው የመጣው።

ይህን ሁሉ ዛሬ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ስምምነት የቅርቡን የሰሜን ጦርነት አቁሞታል። የልጇ ስልክ ከዚያ ጦርነት ወዲህ የማይነሳላት እናት ግን አሁንም በመካከላችን ተቀምጣለች። ከእናንተም የምታውቅና ያልተናገረች ትኖራለች። ፍርዴን ልንገራችሁ፤ «አልቻልኩም» የሚለው ርኅራኄ ይመስላል፤ የእኔ ግን ርኅራኄ አልነበረም፤ ለራሴ ፈርቼ ነው። ብቻችሁን አትሂዱ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ፣ በጎሕ፣ በደንቡ ሂዱ። ከከበዳችሁ እኔን ጥሩኝ፤ አብሬ እሄዳለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በሐምሌ 2010 የሁለቱ አገር መሪዎች አስመራ ላይ ሰላም ሲያወርዱ ስልክ ተከፈተ። አንድ ማታ የማላውቀው ቁጥር ደወለልኝ። የጋራዡ ልጅ ነበረች፤ የዴስካችን ቀኝ። ቁጥሬን እንዴት እንዳገኘችው ረጅም ታሪክ ነው። ሁለታችንም አለቀስን፤ ከዚያ «ያ ቀጣፊስ የት ደረሰ? ሒሳብ ቻለ?» አለችኝ። በዚህ ጊዜ አልዋሸሁም። ብዙ ዝም አለች። እሷም በብሔራዊ አገልግሎት ስታገለግል ቆይታለች፤ ወንድሟም በዚያው ጦርነት አልተመለሰም።

በጥቅምት 2011 መጣች። እማማን ማየት እፈልጋለሁ ስትል ፈራሁ። በሌላኛው ወገን የነበረች ሴት ይዤ የልጁ ፎቶ የተሰቀለበት ቤት እንዴት እገባለሁ? እማማ ግን ገና ከበሩ አወቋት። «ቆሎ ትወጂ ነበር» አሉና ሳህን አቀረቡ። ወንድሟን ስትነግራቸው ቀረብ ብለው አጠገቧ ተቀመጡ። ስለ ጦርነቱ አንድም ጥያቄ አልጠየቋትም። ቡናው ሦስተኛ ሲደርስ ብቻ እንዲህ አሏት፤

«አንቺ ያንን አገር ታውቂዋለሽ። ጾሮና ምን ይመስላል? ዛፍ አለው?»

አሰብ አደረገች። በአውቶቡስ እንዳለፈችበት ነገረቻቸው። ሜዳ ነው አለች፤ ደረቅ ነው፣ ዙሪያውን ተራራ ይታያል፣ እሾሃማ ግራር አልፎ አልፎ አለ። «ከወለንጪቲ አልፎ ወደ መተሐራ ሲኬድ ያለውን ሜዳ ያስታውሳል» አለች።

«እንግዲያው አውቀዋለሁ» አሉ እማማ።

በሳምንቱ አብረን በሚኒባስ ወለንጪቲ ሄድን። ከከተማው ወጣ ብለን ወረድን። እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከመንገዱ ዳር ቆሙና ሜዳውን አዩት። ፀሐይ ነበር። አንድ ልጅ ፍየሎች እየነዳ አለፈ። ከዚያ ገበያ ገብተው ሽንኩርት ገዙ፤ ዋጋውም ላይ ተከራከሩ፤ ተመለስን።

አሁን መድረኩን ለእሳቸው እለቃለሁ። ከሁርሶ የመጣውን የመጀመሪያ ደብዳቤ ራሳቸው ያነቡልናል። መነጽራቸውን እስኪያደርጉ ትንሽ ታገሡን።